ጉልበት ያለው መኪና ደስታው ዳገት ላይ ነው (አዳማ–አሰላ መንገድ)

ጂቲአይ_አዳማ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬን ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ይሄዳል?» ብሎ ነው። ስድስተኛው ትውልድ ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ነው፤ 2.0 ሊትር ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ)፣ 210 የፈረስ ጉልበት፣ በእጅ የሚቀየር ባለ ስድስት ማርሽ። ፍጥነት መቁጠሪያው ላይ መጨረሻ የተጻፈውን ቁጥር በአገራችን መንገድ ላይ አይቼው አላውቅም፤ ላየውም አልፈልግም። በ2014 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ራሱ ጣሪያው 120 ነው። 120ን ደግሞ ቪትዝም ይደርስበታል። ታዲያ ለምን ይሄን መኪና ያዝክ ለሚለኝ መልሴ አንድ ነው፦ ና ወደ አሰላ እንውጣ።

መንገዱን የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ። ከአዳማ ወጥታችሁ አዋሽ መልካሳን፣ ዴራን፣ ኢተያን አልፋችሁ አሰላ ናችሁ። አዳማ ከባህር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አሰላ ከ2,400 ትበልጣለች። መጀመሪያ ወደ አዋሽ ወረድ ስለሚባል ከወንዙ በኋላ ያለው ሁሉ መውጣት ነው። ዳገቱ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ስንዴ የጫነ ሲኖ ፊታችሁ አለ።

ጠጋ ብዬ ልንገራችሁ። ሲኖው በ40 እየተጎተተ ነው፤ ርቀቴን ጠብቄ እከተለዋለሁ። ኩርባው ያልቅና ፊት ለፊት ቀጥ ያለ ባዶ መንገድ ይከፈታል። ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ፍሪሲዮን፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ። ለቅጽበት ምንም የለም። ከዚያ ቱርቦው አየሩን ይሰበስብና ወንበሩ ጀርባዬን ይገፋል፣ መሪው በእጄ ውስጥ ትንሽ ይጎትታል፣ የሲኖው የኋላ ጎማ፣ የመሀሉ፣ የፊቱ በቀኝ መስኮቴ ተራ በተራ ያልፋሉ። ሦስተኛ አስገብቼ ወደ መስመሬ ስመለስ ገና 80 ነኝ። ሕግ አልጣስኩም፣ ማንንም አላስደነገጥኩም፤ ግራ መስመር ላይ የቆየሁት ግን ሌላ መኪና ከሚቆየው ግማሹን ነው። ለእኔ ጉልበት ማለት ይሄ ነው።

ለምን ዳገቱ ላይ ካላችሁኝ፣ ነገሩ አየር ነው። አሰላ ላይ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ጉልበቱም ሩብ ገደማ ይጠፋል። እነኃይሌን ያበረታው ስስ አየር ሞተሩን ያደክመዋል ማለት ነው። ቱርቦው ግን የጎደለውን በፍጥነት ዞሮ ይሞላል፤ ኮምፒዩተሩ የሚፈልገው ግፊት እስኪደርስ ድረስ አየሩን ይጨምቃል። ፋብሪካው 280 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የማዞር ጉልበት) በደቂቃ ከ1,700 ዙር ጀምሮ ይገኛል ይላል። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ትንሽ ይዘገያል፣ ግን ይመጣል። እዚህ አገር ከፍታ ላይ ለምንኖር ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የእናንተንስ ንገሩኝ። ምን ትነዳላችሁ፣ የትኛው መንገድ ላይ ነው የሚያስደስታችሁ?

ቢኤም_330

ወንድሜ ጽሑፍህን ወድጄዋለሁ፤ ቱርቦ ላይ ግን አልስማማህም።

እኔ የያዝኩት ቢኤምደብሊው ኢ46 330አይ ነው። 3.0 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ ቱርቦ የለውም፤ 231 የፈረስ ጉልበት ከፋብሪካ። ያልከው ልክ ነው፤ አሰላ ላይ ከ231 ውስጥ ከ175 ብዙ አይበልጥም የሚቀረኝ። ዳገቱ ላይ ያንተ ጎልፍ ይቀድመኛል፣ አልከራከርም።

ግን ራስህ «ለቅጽበት ምንም የለም» ብለሃል። እኔ ጋ ያ ቅጽበት የለም። እግሬ ሩብ ጣት ሲንቀሳቀስ ሞተሩ ያኔውኑ ይመልሳል። 3,000 ዙር ላይ አንድ ድምፅ አለው፣ 4,500 ላይ ሌላ፣ ወደ 6,500 ሲጠጋ ሌላ። ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር ሲደረደር የፒስተኖቹ ንቅናቄ እርስ በርሱ ስለሚጠፋፋ ሞተሩ አይንቀጠቀጥም፤ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ቆሞ ኮፈኑ ላይ እጅህን ብታስቀምጥ መነሳቱን ትጠራጠራለህ። ገፊው ደግሞ የኋላ ጎማ ነው። የፊቱ ሥራ ማዞር ብቻ ስለሆነ መሪው አይጎትትህም፤ ጎማው የረገጠውን ብቻ ይነግርሃል።

የእኔ መንገድ ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ ነው። በ80 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ብዙ መቶ ሜትር ትወርዳለህ። ቢሾፍቱን አልፈህ ሞጆ ስትጠጋ ሞተሩ ትንፋሽ ሲያገኝ በእግርህ ይሰማሃል። አዲስ አበባ ላይ ሰነፍ የነበረው መኪና አዳማ ሲገባ ሌላ ነው። ቱርቦ የሚነዳ ሰው ይሄን ልዩነት አያገኘውም፣ ሁሉም ቦታ አንድ ነውና።

የአሰላ_ልጅ

በመንገዳችን ስለተደሰታችሁ ደስ ብሎኛል። ግን የዚያ አካባቢ ልጅ ስለሆንኩ አንድ ነገር ልጨምር። ከኅዳር ጀምሮ ስንዴው ሲደርስ ኮምባይነር መንገድ ላይ ይወጣል። የመንገዱን ከግማሽ በላይ ይይዛል፣ ከኩርባ በኋላ ድንገት ፊት ለፊት ይመጣባችኋል። አህያና ጋሪ፣ በግ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች በሁለቱም ዳር አሉ። መንገዱ የሚነዳበት ሰዓት አለው፤ ማለዳ ነው። ትምህርት ቤት በሚለቀቅበት ሰዓት ፈረሱን ሁሉ በረት አስገቡት።

ተሳቢ_ሾፌር

እኔ ደግሞ ከምትቀድሙት ወገን ነኝ። ጅቡቲ–አዳማ–አዲስ አበባ ዕድሜዬን የጨረስኩበት መስመር ነው፤ አልፎ አልፎም ስንዴ ለመጫን አርሲ እወጣለሁ።

ጂቲአይ_አዳማ፣ «ርቀቴን ጠብቄ» ያልከውን ሳነብ አከበርኩህ። ብዙው ሰው የሚያደርገው እኮ ተቃራኒውን ነው። ከተሳቢው ኋላ ተለጥፎ አንገቱን ወደ ግራ ያወጣል። ሲለጠፍ እኔ በስፖኪዮ አላየውም፣ እሱም ፊቱን አያይም። ሃያና ሠላሳ ሜትር ወደ ኋላ ብትቀሩ እናንተም መንገዱን ታያላችሁ፣ እኔም እናንተን። ደግሞ ከኋላ ሆናችሁ ፍጥነት መሰብሰብ ትጀምራላችሁ እንጂ ግራ ከወጣችሁ በኋላ አይደለም።

ሌላው የፍሬቻው ነገር ነው። ባልደረቦቼ ቀኝ ፍሬቻ አሳይተው «እለፍ» ይላሉ። በቅንነት ነው። ግን ያ ሾፌር ያየው እሱ ካለበት ቦታ ነው፣ ያሰበውም ለኮሮላ ይሁን ለአንተ አይታወቅም። አንዳንዱ ደግሞ በእውነት ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ነው። ፍሬቻውን እንደ ምክር ውሰዱት፤ ዓይናችሁ ሳያረጋግጥ አትውጡ።

ጉልበት ያለው መኪና የያዘ ሰው ቶሎ ያልፈኛል፣ ቶሎ ይለቀኛል። እኔ የሚያስጨንቀኝ ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ እያቃሰተ ጎኔ ለረጅም ጊዜ የሚቆየው ነው። ከላይ ሌላ መኪና ብቅ ሲል እሱም አይቀድም፣ እሱም አይመለስ፤ ፍሬን የምይዝለት እኔ ነኝ፣ 40 ቶን ይዤ።

ሜሪ_ኤሌክትሪክ

አየር አየር ስትሉ ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። አየር የማይፈልገውንስ?

የእኔ የቮልስዋገን ኤሌክትሪክ መኪና፣ አይዲ.4 ነው፤ 204 የፈረስ ጉልበት፣ 310 ኒውተን ሜትር፣ ከኋላ የሚገፋ። ዳገቱ አሰላ ይሁን ጂማ ለሞተሩ አንድ ነው፣ የሚተነፍሰው ነገር የለውም። ቱርቦው እስኪሰበስብ የሚጠበቅ ቅጽበት የለም፣ ማርሽም የለም። እግሬን ሳሳርፍ ቶርኩ ያኔውኑ ሙሉ ነው። ያልከውን ሲኖ እኔም እቀድመዋለሁ፣ ያውም ያለ ድምፅ።

ስመለስ ደግሞ ቁልቁለቱ ይከፍለኛል። ከአሰላ እስከ አዋሽ ስወርድ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪዬን ይሞላል፤ ፍሬን የምነካው አልፎ አልፎ ነው። የእናንተ ያን ሁሉ ጉልበት በፍሬን ሸራ ላይ አቃጥሎ ለንፋስ ይሰጠዋል።

በዚያ ላይ ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ወደፊት ዳገት መውጣት የሚወድ ሰው መኪናው ይሄ ነው የሚሆነው፤ ቢለምደው ጥሩ ነው።

ጂቲአይ_አዳማ

ሜሪ፣ ስለ ጉልበቱ አንድም የምከራከርሽ ነገር የለኝም። መጀመሪያ ለመነሳት ያንቺ ከእኔ ይፈጥናል። ቁልቁለቱ ላይ ያልሽውም እውነት ነው፣ እቀናብሻለሁ።

የሚለየን ክብደቱ ነው። ያንቺ ከሁለት ቶን ያልፋል፣ የእኔ 1,400 ኪሎ አይሞላም። ከኢተያ በላይ ተከታታይ ኩርባ ሲመጣ ወደ ቀኝ አዙረሽ ወዲያው ወደ ግራ ስትመልሺ ያ ልዩነት ይወጣል። ቀላል መኪና ሐሳብሽን ሳትጨርሺ ዞሯል። ሌላው ማርሹ ነው። ያለ ማርሽ ይሻላል ትይኛለሽ፣ ለሥራ መኪና ልክ ነሽ። እኔ ግን ኩርባ ከመድረሴ በፊት በቀኝ እግሬ ጣቶች ፍሬን እየያዝኩ በዚያው እግር ጠርዝ ነዳጅ ነካ አድርጌ ማርሽ ስቀንስ፣ ዙሩ ልክ ገጥሞ መኪናው ምንም ሳይነቀንቀው ሁለተኛ ሲገባ፣ ያን ቀን ሌላ ነገር ባላገኝም ረክቼ ነው የምገባው። እጅና እግር ተስማምተው አንድ ሥራ በትክክል ሲሠሩ የሚሰማው ነገር ነው። ለመማር ጊዜ ይፈልጋል፣ የተማረ ሰው ደግሞ አይለቀውም።

የሁለት_ልጆች_እናት

ልጆቼ፣ መኪና አላውቅም፤ ግን ታላቁ ልጄ ሥራ ጀምሮ ብር አጠራቅሞ እንዲህ ያለ መኪና ልግዛ እያለ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ነው። አንብቤ አንብቤ ሐሳቤ ተከፈለ። ደስታው ይገባኛል፣ አባቱም መኪና ይወድ ነበር። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጂቲአይ_አዳማ

እናቴ፣ ጥያቄዎ የዚህ ክር ትልቁ ጥያቄ ነው፤ በቀጥታ ልመልስልዎ። አሁን አይግዛ። መጀመሪያ ሁለት ዓመት ያህል በተራ መኪና ዳገትና ቁልቁለት፣ ዝናብና ጨለማ ይንዳ። በደካማ መኪና መቅደም የተማረ ሰው ክፍተት መለካት ይችላል፤ ያ ችሎታ ሳይኖር ጉልበት ቢጨመር ስህተቱን ነው የሚያፈጥነው።

አንድ ነገር ግን ቁጭ ብለው እንዲነግሩት እፈልጋለሁ። መኪና የተሸከመው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው፣ በፍጥነቱ ካሬ ነው። ከ100 ወደ 120 ሲሄድ ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ኃይል 44 በመቶ ይጨምራል። 140 ላይ ከ100ው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ፍሬን ከተያዘ በኋላ ያለው የመቆሚያ ርቀትም እንደዚያው ይረዝማል፤ ጎማውና አስፋልቱ ግን ያው ናቸው። እኔ ከ80 በታች የምደሰተው ለዚህ ነው። ይህ ከገባው መኪናው ይገባዋል። እሺ ካለዎት አሰላ ስወጣ አብሮኝ ይምጣ፣ አጠገቤ ተቀምጦ ይይ።

የድሮ_መካኒክ

ልጆች ጥሩ ይዛችኋል። ስለ ሞተሩ ብዙ ተባለ፣ እኔ ከሞተሩ ዙሪያ ስላለው ልናገር፤ ጋራዥ የሚመጣብኝ እሱ ነውና።

ስስ አየር ጉልበት ብቻ አይደለም የሚወስደው። ፍሬናችሁን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በውጭው የአየር ግፊትና በውስጡ ባለው አየር አልባ ክፍተት (ቫኪዩም) መካከል ባለው ልዩነት ነው። ውጭው ሲሳሳ እገዛው ይቀንሳል። አሰላ ላይ ፔዳሉ ጠንከር ካላችሁ መኪናው አልተበላሸም፣ ተፈጥሮው ነው፤ እናንተ ጠንከር አድርጋችሁ መርገጥ ነው።

ውሃውም እንደዚሁ። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ሞተር ደግሞ የሚሠራው እዚያው አካባቢና ከዚያ በላይ ነው። እንዳይፈላ የሚይዘው በራዲያተሩ ክዳን የታፈነው ግፊትና የምትጨምሩት ኩላንት ነው። ክዳኑ ጎማው ደርቆ ሲያፈስ ሰው ራዲያተር ያስጠርባል፣ ቴርሞስታት ያስወጣል፣ መጨረሻ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ይቃጠላል። ሁሉም በትንሽ ክዳን። የቧንቧ ውሃ ብቻ እየሞላችሁ ዳገት አትውጡ፤ ዝገቱም ለብቻው ይገላችኋል።

የፍሬን ዘይት ማንም አያስታውሰውም። ዶት 4 አዲስ ሲሆን እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም። ግን ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ሲያረጅ 155 አካባቢ ይፈላል። ከአሰላ ቁልቁል ፍሬን እየረገጣችሁ ስትወርዱ ዲስኩ እየጋለ ሙቀቱን ወደ ዘይቱ ይልካል፤ ዘይቱ ፈላ ማለት ፔዳሉ ባዶ ወረደ ማለት ነው። በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት። ስትወርዱም በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፣ ሞተሩ ይያዛችሁ።

ቱርቦ የያዛችሁ፦ ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ነው የሚዞረው፣ የተሸከመው ደግሞ ዘይት ብቻ ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አትርገጡት። ዳገት ጨርሳችሁ ቡና ልጠጣ ስትሉ ወዲያው አታጥፉ፤ የመጨረሻዋን ኪሎ ሜትር ቀስ ብላችሁ ግቡ፣ ትንሽ ሚኒሞ ላይ ይቁም። ሞተሩ ከጠፋ ዘይቱ ይቆማል፣ ቱርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት በሙቀቱ ወደ ካርቦን ይለወጣል። ዘይትና ፍልትሮ መጽሐፉ ከሚለው ቀድማችሁ ቀይሩ፣ አቧራችን መጽሐፉ ውስጥ የለም።

ቢኤም_330

ጋሼ እናመሰግናለን። ስለ ፍሬኑ ሰርቮ ያሉትን አላውቅም ነበር፤ እኔም አሰላ ስደርስ ፔዳሉ ይጠነክርብኝ ነበር።

ናቲ_ፍራንኮ

ጋሼን አንድ ጥያቄ። እንደ ጂቲአይ ያለ መኪና ብገዛ ብዬ አስቤ ነበር፤ ከውጭ ማምጣት ካልተቻለ እዚሁ ያለውን ሳይ ምን ልይ? ዋጋውም ለምንድን ነው እንደዚህ የሆነው?

የድሮ_መካኒክ

ዋጋው ሁለት ምክንያት አለው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤክሳይዝ ሕግ ሞተሩ በተለቀና መኪናው ባረጀ ቁጥር ታክሱን ይቆልለዋል፤ ያረጁት ላይ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። ቀጥሎ እገዳው መጣ። ስለዚህ አሁን የሚሸጠው አገር ውስጥ ቀድሞ የገባው ብቻ ነው፣ እየቀነሰ ነው እንጂ አይጨምርም።

ስታይ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ እንዲጠብቅህ ለባለቤቱ ንገረው፤ ኮፈኑን በእጅህ ነክተህ አረጋግጥ። ሲነሳ የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች ስማ። የሰንሰለት መንኮሻኮሽ ካለ መወጠሪያው አልቋል፣ ሰንሰለቱ ከዘለለ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ነዳጅ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ሞተር ከሆነ የመግቢያ ቫልቮቹን የሚያጥብ ቤንዚን ስለሌለ ካርቦን ይይዛሉ፤ ተጠርገው ያውቁ እንደሆነ ጠይቅ። ካንዴላ አስወጥተህ አራቱንም ጎን ለጎን አስቀምጥ፤ አንዱ ከሌሎቹ በቀለም ከተለየ ያ ሲሊንደር ነገር አለው። ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር ራስህ አመሳክር፣ በደላላ አትመን።

ጎማውን አትርሳ። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ያለው ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመት ናቸው። ጥርሱ አዲስ መስሎ ዓመቱ ያለፈበት ጎማ ገበያ ላይ ሞልቷል። የአዳማ ፀሐይ ላይ የከረመ ጎማ ደረቅ ነው፣ ዝናብ ላይ አይዝም። ጉልበት ያለው መኪና ጉልበቱም ፍሬኑም መሬት የሚነካው በዚያች መዳፍ በምታህል ቦታ ነው፤ ከጎማ ላይ ብር የሚቆጥብ ሰው እንዲህ ያለ መኪና አይግዛ።

ናቲ_ፍራንኮ

ገባኝ ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ያየሁትን መኪና ቅዳሜ ይዤልዎ እመጣለሁ።

ሜሪ_ኤሌክትሪክ

ጂቲአይ_አዳማ፣ ስለ ክብደቱ ያልከውን ሳስበው ነበር። ኩርባው ላይ ልክ ነህ፣ የእኔ ወደ ውጭ ሲገፋ ይሰማኛል። ማርሹ ላይ ግን ገና አላሳመንከኝም። አንድ ቀን ተከትዬህ ልውጣ።

ቢኤም_330

እንደዚያ ከሆነ በጽሑፍ መከራከሩን እንተወው። የፊታችን እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ከአዳማ እንውጣ፣ ሦስታችንም። እስከ ዴራ ሁሉም የራሱን፤ ከዴራ እስከ ኢተያ መኪና እንቀያየር፤ ከኢተያ እስከ አሰላ ደግሞ ሦስተኛውን። አንተ ቱርቦ የሌለው ሞተር 6,000 ላይ ምን እንደሚል ትሰማለህ፣ እኔ ያ «ቅጽበት» ምን ያህል እንደሆነ አያለሁ፣ ሜሪም ማርሹን ትሞክራለች።

ጂቲአይ_አዳማ

ተስማምቻለሁ። የእናታችን ልጅም ከመጣ የእኔ የፊት ወንበር የእሱ ነው። የጎማ ንፋስ ጠዋት ሳይነዳ ቀዝቃዛ እያለ ለኩ፤ ከሰዓት በሙቀት የተለካ ልክ አይሆንም። ሜሪ፣ ፍሪሲዮኑ የሚይዘው ወደ ላይ መጨረሻ አካባቢ ነው፣ ቀስ አድርገሽ ልቀቂው።

የአሰላ_ልጅ

አሰላ ስትደርሱ ደውሉልኝ፣ ቁርስ በእኔ ነው። ትናንት ሳልፍ ከኢተያ ወጣ እንዳላችሁ ካለው ሁለተኛ ኩርባ በኋላ በቀኝ በኩል አስፋልቱ ተቆርጦ አየሁ። ዝቅ ያለ መኪና ቸርኬ ይሰብራል፤ እዚያ ጋ ወደ መሀል ጠጋ በሉ።